ሦስተኛው ኩባያ

ልጅቷ ለነገው የኮምፒውተር ፈተና ሁለት ቁጥሮችን ቦታ ማለዋወጥ በሁለት ኩባያ እያጠናች ነበር፤ አንዱ ወተት፣ አንዱ ሻይ ይዟል። ለማለዋወጥ ባዶ ዕቃ ሲያስፈልጋት፣ ከዓመታት በፊት አባቷ «መጣሁ» ብሎ ሲወጣ አጥቦ መደርደሪያው ላይ ወደደፋው ኩባያ እጇን ሰደደች። እናቷ ቀድማ አነሳችው።

«ይሄን ተይው፣ የኔ ልጅ። ያለ ሦስተኛም ይሆናል።» ፕሮግራም መጻፍ እንጀራዋ ነው፤ ኩባያውን እንደያዘች በሌላ እጇ ወረቀት ሳበች። «ሁለቱን ቁጥር ደምረሽ አንድ ቦታ አኑሪ። ከድምሩ አንዱን ስትቀንሺ ሌላው ይወጣል፤ እንዲህ እያሉ ቦታ ይለዋወጣሉ።»

ልጅቷ ሳቀች። «እሱማ ቁጥር ነዋ፣ እማዬ። ሻይና ወተት አንዴ ከተቀላቀለ ማን ይለየዋል?»

«ማንም» አለች እናትየው፣ አቧራ ያላረፈበትን ኩባያ በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች።