የድምቢጧ ላባ

የሰው መድኃኒት ከዱር ወፎች ዘረመል መቀዳት ከጀመረ ወዲህ፣ ወፍ ጎጆ በሠራችበት ጣራ ሥር እሳት አይነድም። የሚፈቀደው የወደቀ ላባ ተመርምሮ ወፏ በሽታ የምትመክትበት ዘረመል የተለመደ ነው ሲባል ብቻ ነው። አልጣሽ ጣራዋ ሥር ወፍ ጎጆ ስለሠራችባት፣ ሦስት ወር ሙሉ ወጧን የሠራችው አምና እሳት ከተፈቀደላቸው ጎረቤቷ ከእትዬ ባፈና ቤት ነው። ሲያንገሸግሻት ከእሳቸው ጣራ ሥር ላባ አነሳችና ከኔ ጣራ የወደቀ ነው ብላ ለምርመራ ሰጠች፤ ተራ መባሉን አልተጠራጠረችም።

ዛሬ መርማሪዋ ስንቅነሽ ስትመጣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«የዚች ድምቢጥ መከላከያ እስከ ዛሬ ታይቶ አይታወቅም» አለቻት። «አምና ልጆቹን የፈጀውን ትኩሳት ይመክታል። አውራ ጣት የማታክል ፍጥረት እኮ ናት።»

አልጣሽ በአጥሩ ማዶ አየች። ከእትዬ ባፈና ሣር ክዳን ጭስ እየወጣ ነው፤ የሁለቱም ቤት ምሳ ተጥዷል።

ለአፍታ አፍራ ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች።

«እትዬ ባፈና፣ እሳቱን ያጥፉት። የሰጠሁት ላባ ከእርስዎ ጣራ የወደቀ ነው።»

እትዬ ባፈና ቀና ብለው ጣራቸውን አዩ፤ «ለካ የዘንድሮዋ ሌላ ወፍ ናት» አሉና እንስራውን አንስተው ምድጃው ላይ ደፉት።

የዚያን ቀን ሁለቱም ቤት ቆሎ በላ፤ ደጅ ተቀምጦ፣ ወጣ ገባ የምትለዋን ድምቢጥ እያየ።