ከበቆሎ የተሠራው ፌስታል

ከሆቴሎች የሚመጣው የምግብ ትራፊ ተከምሮ ኮምፖስት ከመሆኑ በፊት ፌስታሉን በእጃቸው የሚለቅሙት አራት ሴቶች ናቸው። አንዷ ከሌሎቹ በዕድሜ ትገፋለች። አንዴ ካጎነበሰች ቀና ማለት ፍዳዋ ነው፤ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሁሌም "ምነው አንዱን ቀን ባረፍኩ" ትላለች።

አንድ ቀን ኃላፊው አቶ መርዕድ አረንጓዴ ፌስታል ይዘው ወደ እሷ መጡ።

"ከበቆሎ የተሠራ ነው፤ ከምግቡ ጋር አብሮ ይበሰብሳል ይላሉ። እውነት ከሆነ ሆቴሎቹ ሁሉ በዚህ ይልካሉ፤ ለቃሚም አያስፈልግም። እርስዎ አይዋሹምና እርስዎ ይቅበሩት፣ እርስዎ ያውጡት።"

ክምሩ ውስጥ ቀበረችው። ልጇን አዝላ የምትለቅመው ሽታዬ ከዚያ ወዲህ በክምሩ ባለፈች ቁጥር ታማትባለች።

ክረምቱ አልፎ የማውጫው ቀን ደረሰ። ሁሉም ቆመው እያዩ በአካፋ ቆፈረች። አረንጓዴው ፌስታል ጭቃ ለብሶ እንዳለ ወጣ።

"በቆሎ ነው ብለው አሞኙን!" አሉ አቶ መርዕድ፤ ወርውረውትም ሄዱ።

ሽታዬ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። "እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ሊያርፉ ነበር።"

"ምን ይደረግ፣ አልበሰበሰማ" አለቻትና ወገቧን ይዛ ወደ ለቀማዋ ተመለሰች።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት ግን፣ ማንም ሳይመጣ፣ ብቻዋን ቆፍራ ያገኘችው ጥቁር አፈር ብቻ ነበር። እፍኝ አንስታ አሸተተችው፤ ፌስታል ፌስታል እንኳ አይልም። ከዚያ ከትናንቱ ለቀማ አንድ ተራ አረንጓዴ ፌስታል መርጣ፣ ጭቃ ለቅልቃ፣ እዚያው ቀበረችው።