የቦኖው ሲሚንቶ

አሮጌው ቦኖ ውሃ እንዲፈርስ ከቀበሌው ምክር ቤት አባላት ሦስቱ ደግፈው፣ ሦስቱ ተቃውመው፣ የሊቀመንበሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። «ይፍረስ» ብሎ እጁን ሊያነሳ ሲል አንዲት እናት የመሠረተ ትምህርት ደብተሯን ጫፍ እያፍተለተለች ከኋላ ወንበር ተነሳች።

«እማማ፣ ቦኖው እኮ ከደረቀ ስንት ዓመቱ! ምን ሊቀዱበት ነው?» አላት ሊቀመንበሩ እየሳቀ።

«ለውሃው አይደለም፣ የኔ ልጅ» አለች። «ሲሚንቶው እርጥብ ሳለ ሴት ልጄ በጣቷ ጽፋበት ነበር። ‹ምን ይላል?› ስላት፣ ‹ፊደል ስትቆጥሪ ራስሽ ታነቢዋለሽ› ብላ ሳቀችብኝ። ስንት ዘመን ጀሪካኔን አስቀመጥኩበት! እሷም አግብታ ራቀች። ዛሬ ጠዋት አነበብኩት።»

«ምን ይላል?»

ጣቷን አየር ላይ ፊደል በፊደል እያስኬደች፣ «‹የእማዬ ቦታ ነው፤ እንዳትነኩ› ይላል» አለች።

ሊቀመንበሩ ያጋመሰውን እጁን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።