ያልተነካው ኩባያ

በፋብሪካው ቤተ ሙከራ አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ አለች። በላይዋ ሚዛን፣ ልኩ የታወቀ የብረት ኩባያና ዱቄት ማፍሰሻ ተቀምጠዋል። ነጩ የኬሚካል ዱቄት ከማፍሰሻው በራሱ ጊዜ ወደ ኩባያው ይወርዳል። ከአፉ የተረፈው በማስመሪያ ይጠረግና ኩባያው ይመዘናል። እስኪጠረግ ድረስ ግን ኩባያው መነካት የለበትም። ከተነቀነቀ ዱቄቱ ተጠቅጥቆ ከልኩ በላይ ይገባል። ከብዶ የተገኘ ምርት ደግሞ ውድቅ ነው።

ሰሞኑን የጠዋቱ ፈረቃ ምርት በተመዘነ ቁጥር ይከብዳል። የከሰዓቱ ከብዶ አያውቅም። ዱቄቱ አንድ ነው። መዛኟም አንዲት ሴት ናት፤ የጠዋቱ አለቃ የቀድሞ ዋርሳ፣ የወንድሙ ፈት።

የከሰዓቱ አለቃ ውጤቱን በስልክ ይጠይቃታል። የጠዋቱ ግን አያምናትም። ዛሬም እንደ ልማዱ ሻዩን ይዞ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ አኑሮ ከሥሯ እግሩን ከትቶ ተቀመጠ።

«ለእሱ ሲሆን ይቀላል፣ ለእኔ ሲሆን ይከብዳል» አለ። «እጅሽ ሰው ይመርጣል እንዴ?»

«እጄን ስታይ አይደል የምትውለው። ምን አየህ?»

«ቀለበቱን አውልቂ። በሱ ነው ኩባያውን ኳ የምታደርጊው።»

«ወንድምህ የሰጠኝ ነው።»

«አውቃለሁ። እሱን ጥለሽ ቀለበቱን ይዘሽ ሄድሽ።»

አውልቃ ኪሷ ከተተችው።

«ዛሬ ከከበደ ከዚህ ትወጫለሽ።»

«የወንድምህን ልጅ የማበላው በዚህ ሥራ ነው።»

«ስትፈቺው ማሰብ ነበረብሽ።»

«ሠራተኛው ‹ስፌት መኪናው› እያለ የሚጠራህ ወዶ አይደለም።»

«አፉ አያርፍም ማለታቸው ነው። ይበሉ። አፍስሺ።»

ማፍሰሻውን ከፈተችና እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ሽርጧ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነክቷል። ዱቄቱ በቀጭኑ ወረደ። አለቃው ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። የሻዩ ማንኪያ ብርጭቆው ውስጥ ትንቃጨላለች።

ጠረገች፤ መዘነች። ከበደ።

«አየሁሽ» አለ። «በሆድሽ ጠረጴዛውን ገፋሽው።»

«ከጠላኸኝ ቀን ጀምሮ ያላደረግሁትን ማየት ለምደሃል።»

«ሽርጡን አስቀምጪ።»

ፈታችው፤ አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። ዘበኛው እስከ በሩ ሸኛት።

በማግስቱ በእሷ ቦታ አንድ ጎልማሳ መዛኝ መጣ። ከሌላ ፋብሪካ የመጣ፣ ማንንም የማያውቅ ሰው ነው። አለቃው ሻዩን አስቀምጦ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀመጠ።

«ራቅ ብለህ ቁም» አለው። «ምንም እንዳትነካ።»

መዛኙ ማፍሰሻውን ከፍቶ ወደ ግድግዳው አፈገፈገ። ዱቄቱ ሲያበቃ ቀረብ ብሎ ጠረገ፤ መዘነ። ቁጥሩን ሁለቴ አየው።

«ከብዷል ጌታዬ።»

አለቃው ከእግር እስከ ራሱ አየው። ማንኪያዋ ትንቃጨላለች።

«የእሷ ምኗ ነህ?»

ከጠረጴዛዋ ሥር፣ ጉልበቱ እንጨቱን እየነካ፣ የአለቃው ቀኝ እግር የሌለ ፔዳል ይረግጥ ነበር።