የእሑድ ተረኛ

የዋርዱ ኃላፊ ሲስተር የሺመቤት የነርሶቹን የፈረቃ ድልድል ስታወጣ እሑድ ላይ ስትደርስ ጭንቅላቷን ያዘች። ሁሉም ለሰርጉ ፈቃድ ይላል።

«እኔ ሚዜ ነኝ» አለች ትርሲት።

«የአጃቢ መኪና የምነዳው እኔ ነኝ» አለ ኪዳኔ።

«እኔ ደግሞ ካልጨፈርኩ እሞታለሁ» አለች ሰሚራ።

«በሽተኞቹንስ ይዛችኋቸው ልትሄዱ ነው?» ብላ ጮኸችባቸው። ግን አንጀቷ አልችል አላት፤ ያለ ሚዜና ያለ ጭፈራ ምኑን ሰርግ ሆነ? ለሁሉም ፈቀደች። ዋርዱ ደግሞ ያለ ነርስ አይውልም። ሰው በጎደለ ቁጥር እንደምታደርገው፣ ክፍቱ ቦታ ላይ የራሷን ስም ጻፈችና «እፎይ!» ብላ ድልድሉን ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

ትርሲት አነበበችና በሳቅ ፍርስ አለች።

«ሲስተርዬ፣ እኛስ ሰርግሽ ላይ እንጨፍራለን፤ ሙሽራው ግን ማንን ሊያገባ ነው?»