አንድ ቦታ ቀርታለች

ዶክተር ልሳነወርቅን ከድሮም አልወደውም። «ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው ልብወለዱን ቢተውልን ምናለበት?» ብሎ በጋዜጣ የጻፈው ስለ እኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዕር አላነሣሁም። መልኬን ግን አያውቀውም። ዛሬ «ከዘመኑ ደራስያን ማን ማን ለትውልድ ይተላለፍ?» እያለ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያከራክር፣ ከኋላ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

«በሕይወት ያሉትን ዝርዝሩ ውስጥ አናስገባም፤ ኩርፊያቸውን አንችለውም» አለ። ሰው ሳቀ። ክርክሩ ጦፎ አንድ ቦታ ብቻ ሲቀር ጉሮሮውን ጠረገ። «ነፍሱን ይማረውና፣ ‹የጎማ ጠጋኙ ሚስት›ን የጻፈውን ሰው በሕይወት ሳለ በድዬዋለሁ። መጽሐፉን ሰሞኑን ደግሜ ሳነብ አለቀስኩ። እሱ ይግባ።»

መጽሐፉ የእኔ ነው። እጅ አውጡ ሲባል አዳራሹ በሙሉ አወጣ፤ እኔም አወጣሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «ታውቀው ነበር እንዴ ልጄ? እንባህ መጣ እኮ።»

«ጎረቤቴ ነበር» አልኳቸው።

«አይ፣ አፈሩ ይቅለለው።»

«አሜን» አልኩ።

ዶክተሩ ለሟቹ የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት እንድናደርግ ጠየቀ። ኮፍያዬን አውልቄ ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ።