አርባና ሰማንያ

«ማርያም ማርያም በሉ እንጂ፣ ምን ያፈዛችኋል» አለች አዋላጇ አይናዲስ።

ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» አሉ። የብርጓልም አብራ አለች። የቤቱ ባለቤት እሷ ናት፤ ምጥ የያዛት ሥራነሽ ደግሞ ተከራይዋ። አፏ ማርያምን ይጥራ እንጂ ልቧ የሚለምነው ሌላ ነበር። ወንድ ይሁን፣ እመቤቴ፣ አንቺ ምን ቸገረሽ፣ ወንድ አድርጊው ይላል ልቧ።

ነገሩ የመጣው ከኮብልስቶኑ ጋር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በሰፈሩ መንገድ ላይ ድንጋይ ሊያነጥፍ፣ በመንገዱ ዳር ቤት ያለው ሁሉ በአጥሩ ርዝመት ልክ የልማት መዋጮ እስከ መጋቢት መጨረሻ እንዲከፍል ተባለ። እሰይ፣ ከጭቃ ተገላገልን ብላ በስብሰባው ላይ ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው የብርጓል ነበረች። ድርሻዋን ስትሰማ እጇ አየር ላይ ቀረ። ሟች ባሏ የተዉላት ቦታ ከፊት ሰፊ፣ ከኋላ ጠባብ ነው፤ ገንዘብ ግን ከፊትም ከኋላም የለም። የኮሚቴው ሰውዬ ደግሞ «ያላዋጣ የቦታ ካርታ አይጠብቅ» ብሎ ቁርጡን ነገራት።

ከዚያ ነጋዴው ደምለው መጣ። ይህችን ተከራይሽ ያለችባትን የመንገድ ዳር ክፍል ሱቅ ላድርጋት፣ የዓመቱን ኪራይ በአንድ ጊዜ ልስጥሽ፣ ብቻ መጋቢት ሳያልቅ ቁልፉን አስረክቢኝ አላት። የሱ ኪራይ መዋጮውን ከፍሎ ይተርፋታል። ሥራነሽ ግን የሰው ልብስ እያጠበች ነው የምትኖረው፤ እሷን ጨምሪ ማለት ደሟን መምጠጥ ነው። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እንደወረደ ወሬው ጠፍቷል። ድንጋይ በተነጠፈበት ሰፈር ሁሉ ኪራዩ ጣራ ነክቷል። ታዲያ የት ትግባ?

አራስ ከቤት የሚያስወጣ ክርስቲያን የለም። የብርጓልም ብትሆን አረመኔ አይደለችም፤ «ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ማንም አይነካሽም» ብላ ምላላታለች። እንግዲህ ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የሚነሱት። ወንድ ከሆነ ደምለው በጊዜው ይገባል፣ ቦታውም ይተርፋል። ሴት ከሆነች መጋቢት ያልፋል፤ ደምለው ሌላ ክፍል አያጣም፣ መዋጮው ግን እሷው አንገት ላይ ይቀራል።

ምጡ ፋታ ሲሰጣት ሥራነሽ ዓይኗን ገለጠች።

«እትዬ የብርጓል።»

«አለሁልሽ።»

«ምነው ሴት በሆነችልኝ።»

አይናዲስ ሳቀች። «ጉድ ነው፤ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ወንድ አድርግልኝ እያለ ይሳላል፣ አንቺ ሴት ትያለሽ።»

«ሴት ትሻለኛለች» አለች ሥራነሽ፣ ዓይኗን ከየብርጓል ሳትነቅል።

የብርጓል ጎንበስ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ላቧን ጠረገችላት። ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዲቱን ማርያም ነው የሚለምኗት፤ አንዷ የለመነችው ከተሰጣት ሌላዋ ጉዷ ነው። አፈረች። ልመናዋን ግን አልተወችም።

ልጁ ረፋዱ ላይ ተወለደ። አይናዲስ ገለጥ አድርጋ አየችና «እልል በሉ፣ ወንድ ነው» አለች።

በዕድሜ ትልቋ የብርጓል ስለሆነች እልልታውን የምትመራው እሷ ናት። ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት። ሦስቱን አለችና አቆመች። ደጅ ድንጋይ የሚጠርቡት ሰዎች መዶሻቸውን ይዘው ጆሯቸውን ጥለዋል።

«ምነው የብርጓል፣ ልጁን ሴት ልታደርጊው ነው እንዴ?» አለች አይናዲስ።

ሴቶቹ ሳቁ። የብርጓል አራተኛውን አለች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ እየጠራ፣ እያማረ ሄደና ሰባቱን ሞላች። ደስ ብሏት ነበር። ከልቧ ነበር ደስ ያላት፤ ያንን ማወቋ አንጀቷን አሳረራት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት ሴቶቹ ተራ በተራ። ሥራነሽ ልጁን ደረቷ ላይ አስተኝታ አናቱን ትዳብሳለች፤ እንደወደደችው ያስታውቃል። ከዚያ ማንንም ሳታይ ጠየቀች።

«አርባው መቼ ይውላል?»

«ቆይ እስቲ፣ ልቁጠርልሽ» አለች አይናዲስ፣ አውራ ጣቷን በትንሿ ጣቷ አንጓ ላይ አድርጋ። «ዛሬ ጥር ሃያ ነው አይደል…»

«የካቲት ሃያ ዘጠኝ፣ በባለ ወልድ ዕለት» አለች የብርጓል።

አይናዲስ አውራ ጣቷ እዚያችው የመጀመሪያዋ አንጓ ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየቻት።